በበጋ የሚቀደዱ ድስቶች

ሳቢና ታርኪ በዶኛ ኢላሪያ የድስት ፋብሪካ አጣቢ ነበረች። ፋብሪካ ማለቱ እንኳ ትንሽ ማጋነን ነው፤ ኤል አልቶ በተባለችው የደጋ ከተማ፣ ከሪዮ ሴኮ መንገድ ገባ ብሎ የቆመ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። ውስጡ አንድ ትልቅ ፕሬስ፣ የላሜራ መቁረጫና የማጠቢያ ገንዳ አለ። ክብ ሆኖ የተቆረጠ የአልሙኒየም ላሜራ በሴቴው ፎርማ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ወንዴው ፎርማ ከላይ ቀስ ብሎ ይወርድና ላሜራውን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሲወጣ ድስት ሆኗል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን አልሙኒየም ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ሲገባ መጣበቅ ይወዳል። ከተጣበቀ ይጫጫራል፣ ከባሰበትም ቂጡ ዙሪያ ይቀደዳል። ስለዚህ በሁለቱ መሀል የሚያንሸራትት ነገር የግድ ያስፈልጋል፤ በዶኛ ኢላሪያ ቤት ያ ነገር ላማ የሚባለው የአገሩ የጭነት እንስሳ ሞራ ነበር።

ሞራውን የሚቀባው የፕሬሱ ኃላፊ ሴቬሮ ላሩታ ነው። ሴቬሮ የሳቢናን ታናሽ ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጇ ሲሆን፣ እጀ ሰፊ፣ አፈ ቀልደኛ፣ በያዘው ነገር ላይ ግን ድርቅ የሚል ሰው ነበር። የላማ ሞራ ዓርብ ዓርብ ለፓቻማማ፣ ለምድር እናት፣ ከሚቃጠለው መሥዋዕት ጋር አብሮ የሚገባ ነገር ነው፤ ታዲያ ምድር የምትወደውን ፕሬሱ የማይወድበት ምን ምክንያት አለ ባይ ነው። አባቱም በሞራ ነው የሠሩት።

ሞራው ላሜራውን ጥሩ አድርጎ ያንሸራትታል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ድስት ውስጡም ውጪውም በቅባት ተለውሶ ይወጣና ወደ ሳቢና ገንዳ ይመጣል። እሷ በኮስቲክ ሶዳ ትፈትገዋለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታለቀልቀዋለች። ጠዋት ጠዋት በገንዳው ላይ የተጋገረውን ስስ በረዶ በድስት ክዳን ሰብራ ነው ሥራ የምትጀምረው። ጓንቱ በሶዳ ይበሳል፤ እጇ ተሰነጣጥቆ ይደማል።

"እጅሽኮ ውርጭ ያደረቀው ድንች መሰለ አበልጄ" ይላታል ሴቬሮ።

"ያንተ ሞራ ነው ያደረቀው። ና ቀቅለህ ብላው" ትለዋለች።

ሳቢና ሥራውን የጠላችው በእጇ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካላወቀች የማትረጋጋ ሴት ናት። እናቷ "ይቺ ልጅ ዶሮዋን እንቁላሉን የት እንዳገኘሽው ንገሪኝ ብላ ታስጨንቃለች" ይሏት ነበር። እና ገንዳው አጠገብ ቆማ የምታስበው ስለ ቅባት ነበር፤ ቅባት ሳይኖር የሚያንሸራትት ነገር በዓለም ላይ የለም ወይ እያለች።

አንድ ሐሙስ ገበያ ወጥታ አሮጌ ቁልፍ የሚጠግን ሰውዬ አጠገብ ቆመች። ሰውዬው ዝጎ አልከፈት ያለ ጓጉንቸር ይዟል። ከትንሽ ብልቃጥ ጥቁር ዱቄት በቀዳዳው ነፋበት፣ ቁልፉን ወዲያ ወዲህ አለው፣ ጓጉንቸሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

"ዘይት አታደርግበትም?" አለችው ሳቢና።

"ዘይትማ አቧራ ይሰበስብና ሌላ ጣጣ ያመጣብኛል። ይሄ ግራፋይት ነው፣ የእርሳስ ውስጡ። ደረቅ ነው፤ በደረቁ ያንሸራትታል።"

"ደረቅ ነገር እንዴት አድርጎ ያንሸራትታል?"

"እኔ ቁልፍ ከፋች ነኝ እቴ" አላት ሰውዬው። "እሱን ፕሮፌሰር ጠይቂ።"

ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጎ መዳፏ ላይ አደረገላት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸችው። እንደ ሐር ለሰለሰ። የተሰነጣጠቀው ጣቷ እንኳ አልጎረበጣትም። ሳቢና ቤቷ እስክትደርስ ጣቷን ማሸት አልተወችም፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ብር ትቆጥራለች ብላ ሳትጠረጥራት አልቀረችም።

በማግስቱ ለዶኛ ኢላሪያ ነገረቻት። ዶኛ ኢላሪያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፋብሪካውን ብቻዋን የያዘች፣ ባርኔጣዋን ዘመም አድርጋ የምትሄድ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሰምታ ስታበቃ "ጥቂት ላሜራ ላበላሽልሽ እችላለሁ" አለች። "ካልሆነ ግን ወደ ገንዳሽ ትመለሻለሽ፣ ደግመሽም አታነሺብኝም።"

ሴቬሮ ሳቁን ለቀቀው። "ድስቱን እርሳስ ቀብተሽ ትምህርት ቤት ልትልኪው ነው አበልጄ?"

"ካንተ ቀድሞ ማንበብ ይጀምር ይሆናል።"

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ዱቄቱን በላሜራው ላይ በተነችው፤ ወንዴው ሲወርድ ዱቄቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ተከመረ፣ ድስቱ እንደ አሮጊት ፊት ተሸብሽቦ ወጣ። ቀጥሎ በአልኮል በጥብጣ በብሩሽ ቀባችው፤ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ወደቀ። ከዚያ ቻራንጎ የሚባለውን ትንሽ ክራር የሚሠራ ጎረቤቷን ጠይቃ፣ ለክራሩ የሚቀባውን ቫርኒሽ ትንሽ አልኮሉ ውስጥ ጠብ አደረገችበት። ይሄኛው ያዘ። ላሜራው ላይ ከወረቀት የሳሳ፣ ግራጫ፣ ሲነኩት የማይለቅ ልባስ ሆኖ ደረቀ።

ሴቬሮ ላሜራውን አስቀምጦ ማንሻውን ተጫነ። ፕሬሱ ወትሮ ላሜራ ሲስብ ያቃስታል፤ ሠራተኛው ሁሉ ለምዶታል። አሁን ድምፁ ጠፋ። ሴቬሮ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ፎርማው አስጠጋ። ወንዴው ተመልሶ ወጣ፤ ድስቱ ብቅ አለ፤ ሳቢና በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ስታደርገው አልሙኒየሙ እንደ መስተዋት አበራ።

"ዝም አለ" አለ ሴቬሮ፤ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሱ።

እንዲህ ሆኖ በክረምቱ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ በሰነበተበት ወራት ሁሉ፣ በግራፋይት ሠሩ። ሳቢና ከገንዳው ወደ መቀቢያው ጠረጴዛ ተዛወረች። እጇ ዳነ። የሞራው ባልዲ ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ሴቬሮም አንዳንዴ አየት እያደረገው ያልፍ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ አቆመ፤ በጋው ገባ። በኤል አልቶ በጋ ማለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ቆዳ የሚልጥበት፣ ከንፈር የሚሰነጠቅበት፣ ሹራብ ሲያወልቁ ጸጉር የሚንጣጣበት ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን ከባድ ትእዛዝ መጣ። የዘንድሮውን የካርመን ድንግል፣ የእመቤታችንን፣ በዓል ለመደገስ ተራ የደረሳቸው ባልና ሚስት ለእንግዶቻቸው ሁሉ የሚያድሉት ትልልቅ ድስት ፈለጉ።

የመጀመሪያው ትልቅ ድስት ተቀደደ። ሁለተኛውም። ሴቬሮ የላሜራውን ጠርዝ የሚይዘውን ቀለበት አላላ፤ ተሸበሸበ። መልሶ አጠበቀ፤ ተቀደደ። ፕሬሱ እንደ ድሮው ማቃሰት፣ ኋላም መጮህ ጀመረ። ፎርማው ዙሪያ እንደ ጥላሸት የላመ ጥቁር ብናኝ እየረገፈ ወለሉን አጠቆረው። ትንንሾቹን ድስቶች ሞከሩ፤ እነሱም ተጫጭረው ወጡ።

ሳቢና ያልመረመረችው ነገር አልነበረም። ግራፋይቱ ከዚያው ከረጢት ነው፤ ቫርኒሹ ያው ነው፤ ላሜራው ከክረምቱ የተረፈ ነው። ፎርማውን ሴቬሮ ወለወለው፤ አንድም ጉድለት የለውም። ምንም አልተለወጠም፣ ሥራው ግን ተበላሽቷል።

"ተለውጧል እንጂ" አለ ሴቬሮ። "የምድርን ሞራ ከፕሬሱ አፍ ነጥቀሽ እርሳስ አጎረስሽው። እስከ ዛሬ ታግሶሻል።"

"ታዲያ በክረምቱ ለምን አልተቆጣም?"

"ቁጣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሚስቴን አታውቂያትም?"

ዶኛ ኢላሪያ የተቀደዱትን ድስቶች ክምር ቆማ አየች። "እስከ ሳምንቱ መጨረሻ" አለች። "ከዚያ ሞራው ይመለሳል፣ አንቺም ወደ ገንዳው።" በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ ሳቢናም አልተከራከረችም። ገንዳው ሳይሆን የከነከናት፣ ያንኑ ላሜራ ባንድ ወቅት የሚያንሸራትት ዱቄት በሌላው ወቅት እንቢ ማለቱ ነበር። ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ሆነህ ነው ብላ ትጠይቀው ነበር።

በማግስቱ ነፋሱ ጎዳናውን እየጠረገ አቧራ አስነሳ። በር ላይ ቆማ ለሠራተኞቹ አፒ፣ ማለትም ከሐምራዊ በቆሎ የሚፈላውን ትኩስ መጠጥ፣ የምትሸጠው ቶማሳ ቡታጋዟ እየጠፋ አስቸገራት።

"ዶኛ፣ ዛሬን ብቻ ከውስጥ ልግባ፤ ነፋሱ ገደለኝ" አለች። ዶኛ ኢላሪያ በእጇ አመለከተቻት። ቶማሳ ምድጃዋንና ትልቁን ማሰሮዋን ተሸክማ ገብታ፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ስትፈልግ ፕሬሱ ጎን ተቀመጠች። ማሰሮው ቀረፋና ቅርንፉድ እየሸተተ ሲንተከተክ ዋለ።

ያን ቀን ድስቶቹ አልተቀደዱም። ጠዋት የተሠሩት አንዳንዶቹ ተጫጭረው ነበር፤ ከረፋዱ ጀምሮ የወጡት ግን እንደ ክረምቱ ያማሩ ሆኑ። ሁሉም ደስ አለው። ሴቬሮም ትናንት ማታ ደጃፉ ላይ ትንሽ አልኮል ለምድር እንዳፈሰሰ ተናገረና ምስጋናውን ወሰደ።

በሚቀጥለው ቀን ነፋሱ በረደ፤ ቶማሳ ወደ በሯ ተመለሰች። ድስቶቹም መቀደድ ጀመሩ።

ሳቢና ብሩሿን አስቀምጣ ወጣች። "ቶማሳ፣ ተነሽ ግቢ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ትናንት የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ ተቀመጪ። ማሰሮሽንም እንደዚያው አድርጊ።"

ቶማሳ እየተገረመች ገባች። ማሰሮው እንደገና መንተክተክ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሬሱ ጩኸቱን ቀነሰ፤ ከምሳ በፊት ጸጥ አለ። ሴቬሮ አንዴ ድስቱን፣ አንዴ ቶማሳን ያያል።

"አፒ ነው እንዴ የጠማው?" አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን አከከና "ሙቀቱ ነው" ሲል ወሰነ። "ገባኝ። ብረቱ በርዶታል። እኔም በዚህ ብርድ እጄ አይታዘዘኝም። ምድጃዋ ፎርማውን አሞቀችው፣ አለቀ።"

ይሄ ለሳቢናም ሚዛን የሚደፋ ነገር መሰላት። ግን መሰለኝ ብሎ መተው ተፈጥሮዋ አይደለም። "እንየዋ" አለች። "ማሰሮውን አንሺና ምድጃውን ብቻ ተዪልን ቶማሳ። ሙቀት ከሆነ ያለ ማሰሮው የበለጠ ነው የሚያሞቀው።"

ቡታጋዙን ያለ ማሰሮ ለኮሱት። ማሰሮው ከተነሳ ብዙ ቆይተው ሌሎች ድስቶች ሠሩ። እንደ ማሰሮው ጊዜ ያማሩ አልነበሩም፣ ግን አልተቀደዱም። ሴቬሮ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

"በይ እንግዲህ አበልጄ። የሚቀጥለውን እርሳስ ስትገዢ ለኔም ደብተር ጨምሪ፤ አስተምርሻለሁ።"

ሳቢና ፕሬሱ አጠገብ ያለውን መስኮት እያየች ነበር። ማሰሮው ሲነሳ ደርቆ የነበረው መስተዋት እንደገና ጉም ለብሷል፤ ከታች በኩል ጠብታ ተንዠርግጎ ይወርዳል። ሄዳ በጣቷ ነካችው። ውሃ ነው። ማሰሮ በሌለበት፣ የሚፈላ ነገር በሌለበት፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት ባስቆጠረበት አገር ይህ ውሃ ከየት መጣ?

"ዶን አንሴልሞ" ብላ ተጣራች።

ዶን አንሴልሞ የባቡር ድርጅት ኤሌክትሪሺያን የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። የፕሬሱ ሞተር ሲያስቸግር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሳያስቸግርም ለአፒ ብለው ይመጣሉ። ኩባያቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

"ከእሳቱ ነዋ" አሉ። "ጋዝ ሲነድ ውሃ ይወልዳል፤ በእንፋሎት መልክ። ቤቴም መስኮቱ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው የሚያለቅሰው። ምነው፣ ምን ሆናችኋል?"

ነገሩን አስረዳቻቸው። ሽማግሌው እየሰሙ ዓይናቸው ወደ ወለሉ ሄደ፤ ፎርማው ሥር ወደተጠራቀመው ጥቁር ብናኝ። ኩባያውን አስቀምጠው እያቃሰቱ ጎንበስ አሉ፣ በጣታቸው ነክተው ወደ ብርሃን አወጡት።

"ይሄን ብናኝ አውቀዋለሁ" አሉ። "ወደ ቻራኛ የሚወጣው ባቡር ላይ፣ ጄኔሬተሩ ውስጥ ጥርብ ካርቦን አለ፤ እየተሽከረከረ ያለውን መዳብ እየታከከ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ። ያ ካርቦን በክረምት አይነካም ነበር። በጋ ሲገባና ወደ ደጋው ጫፍ ስንወጣ ግን ልክ እንዲህ ዱቄት እየሆነ ሙልጭ ይላል። አለቃችን ፋብሪካውን ይሰድብ ነበር፣ እኔ ደግሞ ምንጩን ፈልጌ ሳላገኘው ጡረታ ወጣሁ።"

"ካርቦኑ ከምንድን ነው የተሠራው?" አለች ሳቢና።

"ከምን ይሆናል? ከግራፋይት ነዋ።"

ከዚያ ዶን አንሴልሞና ሳቢና እኩል መናገር ጀመሩና እኩል ቆሙ። "አንቺ ቅደሚ" አሉ ሽማግሌው።

"የጎደለው ሙቀት አይደለም" አለች። "አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በክረምት ነበረ፣ አሁን ግን የለም። ማሰሮው ሰጠን፣ እሳቱም ትንሽ ሰጠን።"

"ሊሆን ይችላል" አሉ ዶን አንሴልሞ። "እኔስ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ውሃ አስቤ አላውቅም።"

ሴቬሮ አልተዋጠለትም። "እናንተ ሁለታችሁ ተገናኛችሁ" አለ። "ውሃ ከሆነ ያለ ሙቀት መሥራት አለበት። ሙቀት ከሆነ ያለ ውሃ መሥራት አለበት። ለይታችሁ አሳዩኝ።"

ሳቢና ዞር ብላ አየችው። "እንዴት አድርገን?"

"እኔ ነኝ የምነግራችሁ?" አለ ሴቬሮ፤ ግን ካለ በኋላ ማሰብ ጀመረ። አባቱ የሠሩበትን ሞራ እየተሟገተለት መሆኑን እንኳ የረሳ መሰለ። "የዶኛ ኢላሪያ ቢሮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ አይደል? እሱ ጋዝ የለውም፣ ውሃ አይወልድም። እሱን እናምጣ። ካልሠራ ደግሞ..." ቆም አለ። "ካልሠራ እሳቱን ሁሉ እናጥፋና እርጥብ ብርድ ልብስ ዙሪያውን እንስቀል። ብርድ በብርድ ይሁን። በዚያ ቢሠራ እኔ አፌን እዘጋለሁ።"

"እሱን ማየት ብቻውን ይበቃኛል" አለች ቶማሳ ከጥጓ።

ቡታጋዙን አጥፍተው አዳራሹን በደንብ አናፈሱ። ነፋሱ ባንድ በር ገብቶ በሌላው እየወጣ የነበረችውን እርጥበት ጠራርጎ ወሰዳት፤ መስኮቱ ደረቀ። ማሞቂያው መጣ። ፎርማው ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ብረቱ እጅ ሲያስነኩት ለብ እስኪል ጠበቁ፤ ከምድጃው ጊዜ የበለጠ ሞቋል። ሴቬሮ ላሜራውን አስቀምጦ ማንሻውን ያዘ። ፕሬሱ ጮኸ። ድስቱ ቂጡ ተፈልቅቆ ወጣ። ሌላ ደገሙ፤ እሱም ያው ሆነ። ሴቬሮ የተቀደደውን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ "እሺ" አለ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት ከየቤታቸው ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። የሴቬሮ ሚስት የሰጠችው ባለ ቀይ መስመር፣ ከላማ ጸጉር የተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነበር፤ ምን ልታደርገው ነው ብላ ብትጠይቀው ፕሬሱ በርዶታል ብሎ ዋሽቷት እንደመጣ ተናገረ። ገንዳው ውስጥ ነከሩት፤ ሳቢናና ሴቬሮ በሁለት ጫፍ ይዘው ጨመቁት፤ ጣታቸው ቀላ። ፕሬሱ ዙሪያ ገመድ ወጥረው እንደ ድንኳን ሰቀሉት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ልብሱ ላይ ስታርፍ ስስ ጭጋግ ይነሳ ጀመር። ውስጡ ሲገቡ የዋሻ ያህል ይቀዘቅዛል። ቀቢዋ ሳቢና፣ ፕሬሱ ላይ ሴቬሮ፤ ዶን አንሴልሞ ደግሞ በብርድ ልብሱ ክፍተት አንገታቸውን አስገብተው ቆመዋል፤ ዶኛ ኢላሪያም ከኋላ መጥታለች።

ወንዴው ወረደ። ድምፅ የለም። ተመልሶ ወጣ።

ሴቬሮ ድስቱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አወጣው፤ ቂጡን አየ፣ ጎኑን አየ፣ ገልብጦ ውስጡን አየ። ጭረት የለውም። ለሳቢና ሰጣትና ያለ አንድ ቃል የሚቀጥለውን ላሜራ አስቀመጠ።

"ተናገር እንጂ" አለችው ቶማሳ።

በእጁ አፉን አመለከታት፤ ዘግቻለሁ ማለቱ ነው። እስከ ምሳ ድረስ አልተነፈሰም። ቶማሳ በዶኛ ኢላሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰላማዊ ጠዋት አይታ እንደማታውቅ ማታ ማታ ለጎረቤቶቿ ስታወራ ሰነበተች።

ድስቶቹ ለበዓሉ ደረሱ። ሳምንቱን ሁሉ ብርድ ልብሱ በደረቀ ቁጥር እየነከሩ ሠሩ። ችግር አልጠፋም፤ እርጥበቱ የፎርማውን ብረት አንድ ቀን ሳይቆይ የዝገት ነቁጥ አስያዘው። ይሄን ያስተካከለው ሴቬሮ ነው፤ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ የላማ ሞራውን አሙቆ ፎርማውን ይለብጠዋል፣ ጠዋት ይጠርገዋል። "ሁለቱም ይብሉ" አለ፤ ሳቢናም ተስማማች፤ ምድር ደስ ይላት አይላት እንጃ፣ ብረቱ ግን አልዛገም።

የበዓሉ ቀን የሙዚቃ ባንዱ ጡሩንባ ከሩቅ ሲሰማ ፋብሪካው ተዘግቶ ሁሉም ሊጨፍር ወጥቶ ነበር። ሳቢናም ወጣች። ዶን አንሴልሞን አንድ ግድግዳ ሥር ቢራቸውን ይዘው አገኘቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሽማግሌው የሚያስቡት ስለ ዳንሱ አልነበረም።

"አንድ ነገር አስታወስኩ" አሏት። "ኋላ ላይ ለባቡሩ ሌላ ጥቁር ዱቄት አምጥተውልን ነበር፤ ለሞተሩ ሳይሆን ለማጠፊያዎቹ። ሞሊብዲነም የሚሉት። እሱ በጋውን ምንም አይሆንም ነበር። እንዲያውም የሚበላሸው እርጥበት ሲያገኘው ነው ይሉን ነበር።"

"እሱም ጥቁር ነው?"

"ጥቁር ነው። ሲነኩት ያው ነው፤ እንደ ሐር።"

"እሱም ያንሸራትታል፣ ይሄም ያንሸራትታል። አንዱ ውሃ ካላገኘ ይሞታል፣ አንዱ ውሃ ካገኘ ይሞታል።" ሳቢና ይህን ስትል የፊቷን ቀለም ያየ ሰው ሎተሪ የደረሳት ይመስለው ነበር። "ለምን?"

"እሱን ካወቅኩማ ቢራውን የምትጋብዢኝ አንቺ ነሽ" አሉ።

ሰኞ ዕለት ከአውቶቡስ መካኒኮች ሰፈር አንድ ቆርቆሮ ሞሊብዲነም ገዝታ መጣች። ውድ ነበር፤ ዶኛ ኢላሪያ ቅንድቧን አነሳች፣ ግን አልከለከለቻትም። እንደ ግራፋይቱ በአልኮልና በቫርኒሽ በጠበጠችው። ብርድ ልብሱን አወረዱ፣ በሩን ከፍተው ደረቁን ነፋስ አስገቡ፣ ሴቬሮ ማንሻውን ተጫነ። ድስቱ ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭረት ወጣ። ከዚያ ለማየት ብለው ብርድ ልብሱን ነክረው መልሰው ሰቀሉት፤ በእርጥቡ አየር የወጡት አልተቀደዱም፤ ግን ፕሬሱ ትንሽ ማቃሰት ጀመረ፣ ድስቶቹም ላይ ቀጫጭን መስመር ታየ። ዶን አንሴልሞ እንዳሉት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በበጋ በውዱ ዱቄት፣ በክረምት በርካሹ መሥራት የፋብሪካው ደንብ ሆነ። ዶኛ ኢላሪያ ለዚህ ምክንያት አልጠየቀችም፤ ገንዳው ግን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አይታ ቶማሳ ሶዳውን ፈግፍጋ አጥባ የበቆሎ ማጠቢያ እንድታደርገው ፈቀደችላት።

ሳቢና ግን የሁለቱን ዱቄት ጠባይ መጠየቅ አልተወችም። ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች፤ የትምህርት ቤት መምህር፣ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ የምሕንድስና መጽሐፍ ይዞ ያየችውን ወጣት። ወጣቱ ግራፋይት እንደ ወረቀት ድርድር ተነባብሮ የተሠራ መሆኑን፣ ገጾቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ እንደሚያለሰልስ ነገራት። ውሃው እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው አሰበ፣ አሰበና መውረጃው አለፈው። ፈልጎ ሊነግራት የስልክ ቁጥሯን ተቀበለ።

ሴቬሮ ይህን ስታወራ እየሰማ ላሜራ ይጠርግ ነበር። ያን ቀን የመጀመሪያው ደመና ከኢሊማኒ ተራራ በኩል ብቅ ብሏል፤ አየሩ ከብዷል። እጁን አቆመና "አበልጄ" አላት።

"ምን?"

"ሁለቱን ዱቄት ብንደባልቃቸውስ?"

ሳቢና ብሩሿን ይዛ ቀና አለች። ስትስቅበት ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ባዶ ጣሳ ፍለጋ ተነሳች።